ሦስተኛዋ ሽቦ

«ጧ» አለ። ተከትሎ ባልዲ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ በኋላ የመጣው ድምፅ ሳይሆን የድምፅ መጥፋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ የሚውለው ኤሲ ጸጥ ብሎ ቀረ።

ዘነበወርቅ ክፍሏ ውስጥ መስታወት ፊት ቆማ የሻሿን ጫፍ እየሸጎጠች ነበር። እጇ እዚያው ማጅራቷ ላይ ቀረ። ያቺ «ጧ» ከሌላ ድምፅ ጋር ተምታትታባት አታውቅም። ብሬከሩ ወድቋል ማለት ነው። የገረማት መውደቁ አይደለም፤ ዕቃ ነውና ይወድቃል። የገረማት እሷ ካዳነችው በኋላ መውደቁ ነው። እሷ ያዳነችው ነገር ደግሞ ተመልሶ አይታመምም።

ቤቱ ቁርጡባ በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር ካሉት ቪላዎች አንዱ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከጎረቤቱ አይለይም። ከውስጥ ግን የሚሄደው በዘነበወርቅ ነው። ልጆቹን አዝላ ያሳደገች እሷ፣ ማዳም ራሷ ቅመሙ የት እንዳለ የምትጠይቃት እሷ። የደብረ ሲና ልጅ ናትና ብርድ ያጠነከረውን አጥንት ሙቀት አይፈታውም እያለች፣ ሌሎቹ ጥላ ሲፈልጉ እሷ በጠራራው ምንጣፍ ታራግፋለች። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። የቤቱ ጌታ ባባ ዲዋኒያ በሚሉት የወንዶች አዳራሽ ውስጥ እንግዳ ሲቀበል ሻይ የሚቀርብባቸውን ትንንሾቹን ብርጭቆዎች፣ ኢስቲካኖቹን፣ ስታወጣ ቆጥራ ነው፤ ሲመለሱም ቆጥራ ነው የምትረከበው። አንዲት ከጎደለች ትሪው ከበር አያልፍም። የባባ ጓደኞች እንኳ ይህን አውቀው፣ ሊወጡ ሲሉ ከወንበራቸው ሥር ጎንበስ ብለው አይተው ነው የሚወጡት።

የልብስ ማጠቢያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ሙቀቱ መበርታት በጀመረበት ሰሞን፣ ማሽኑ ውሃ ስቦ ማሞቅ ሲጀምር «ጧ» ይላል፤ የሠራተኞቹ ክፍልና ማጠቢያው ያሉበት ሰገነት መብራት በሙሉ ድርግም ይላል። ዘነበወርቅ ወጥታ ከማጠቢያው ክፍል በር አጠገብ ያለውን ሳጥን ትከፍትና ቁልቁል የወረደችውን እጀታ ሽቅብ ትመልሳለች። ሻይ እስኪፈላ አይቆይም፣ ደግሞ «ጧ»። ማዳም ሰለቻትና አዲስ ልግዛ አለች። የዘነበወርቅ ደም የፈላው ይህን ጊዜ ነው። እሷ እያለች ዕቃ ሊጣል? ካቻቢቴ አምጥታ የማሽኑን ስፒና ፈታችው። ውስጡ ሦስት ሽቦ አለ፤ አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ሰማያዊ፣ ሦስተኛዋ አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉር።

አገር ቤት የአክስቷ ባል ጋሽ ጣሰው የሰው ቤት መብራት ይዘረጉ ነበር። እሳቸው ሦስት ሽቦ ያለው ዕቃ ሲመጣላቸው ሁለቱን ያስሩና ሦስተኛዋን በፒንሳ ቀንጥሰው፣ ወደ ኋላ አጥፈው፣ በናስትሮ ይጠቀልሏታል። ለምን ሲሏቸው፣ «እቺ ለፈረንጅ ናት፣ ለኛ ትርፍ ናት» ይላሉ። ጋሽ ጣሰው የዘረጉት መብራት ሁሉ ይበራል፤ ስለዚህ ቃላቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ዘነበወርቅም ያንኑ አደረገች። ቀነጠሰች፣ አጠፈች፣ ጠቀለለች። ማሽኑ ውሃ ሳበ፣ አሞቀ፣ አጠበ፣ ጨመቀ። «ጧ» የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፋ።

ማዳም ከደስታዋ ብዛት ለዘመድ ሁሉ ደወለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዘነበወርቅ ስም ሙሃንዲሳ ሆነ፤ መሐንዲሷ ማለት ነው። ልጆቹ ሙሃንዲሳ፣ ባባ ሙሃንዲሳ፣ ሾፌሩ ረመዳን ሳይቀር ሲያላግጥ ሙሃንዲሳ። ስሟ ከቁርጡባ ተሻግሮ ሱራ የሚባለው ሰፈር ደረሰ፤ የማዳም እህት የተበላሸ ካውያዋን ላከችላት፤ ደረቅ ሽቦ ተበጥሶ ነበርና እሱንም አዳነችው። አሁን ደግሞ ይህችው የሱራዋ እመቤት የልብስ ማጠቢያዬ መብራት እየጣለ አስቸገረኝ ብላ፣ ራሷ ዘነበወርቅ መጥታ እንድታይላት ለምናለች። ለምናለች! ረመዳን መኪናውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ዘነበወርቅ የእንግዳ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካቻቢቴና ፒንሳዋን በቦርሳ ይዛ፣ ሻሿን ስትሸጉጥ ነው እንግዲህ ያ ድምፅ የተሰማው።

ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባች። ሙንተሀ እርጥቡ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ አንዱ ወዲያ ወድቋል፣ ክርኗን ይዛ ዓይኗን ማሽኑ ላይ ተክላለች።

ሙንተሀ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ለቤቱ አዲስ ናት። ስትመጣ ዓረብኛው ጠፍቷት ማዳም ሽንኩርት ስትላት ሳሙና ይዛ የምትመጣ ነበረች። ዘነበወርቅ ከክንፏ ሥር አስገብታ አስተማረቻት። ጦማቸው ባይገጥምም ማዕዳቸው አንድ ነው፤ አንዷ ስትጦም ሌላዋ ደብቃ ነው የምትበላው።

ዘነበወርቅ ቦርሳውን ወርውራ ተንበረከከች። ልጅቷ በሕይወት መኖሯን ያመነችው ክንዷን ከላይ እስከ ታች አሻሽታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አንቀሳቅሳ ነው። ሙንተሀ ውሃ ከጠጣች በኋላ ነገሩን ተናገረች። ውሃ ተንጠባጥቦባት ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ነበረች፤ እጇን ከማሽኑ ጎን ስታሳርፍ ያዛት፤ ብሬከሩ «ጧ» ሲል ለቀቃት። ባለፈው ሰሞንም ጉንዳን የሚወርራት ይመስላት እንደነበር አስታወሰች። ነግራት ነበር፤ ዘነበወርቅም የደም ማነስ ነው ብላ ምስር አብልታታለች።

«በእርጥብ እጅሽ ምን ያስነካሻል!» አለች ዘነበወርቅ። ድንጋጤዋ ሲለቃት ንዴት ተካው። ቀና ብላ ሳጥኑን አየች። «ደግሞ ጀመረ ይሄ ሰነፍ።»

ሙንተሀ ክርኗን እያሻሸች፣ «እትዬ ዘነበ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ስፒናው ውስጥ ዝንጉርጉሯን ሽቦ ምን አደረግሻት?»

«ትርፏን? ቆርጬ አጠፍኳት።»

«ትርፍ አይደለችም። ስም አላት።»

«ስም? ማን ክርስትና አነሣት?»

«ሙሔ» አለች ሙንተሀ፤ እንደዚያ ሆናም ፈገግ አለች።

ሙሔ ታናሽ ወንድሟ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይማራል፤ ፈተናው ተቃርቧል። ሙንተሀ ካውያ ስትተኩስ ስልኩን ከጆሮዋ ሥር ሸጉጣ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይመልሳል፤ ሲሳሳት ትስቅበታለች። ሲደጋገም ጥያቄውም መልሱም እሷ ላይ ተጣበቀ። አሁን የወንድሟን ድምፅ የምትሰማ ይመስል ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተናገረች፤ ቡናማዋ ፌዝ ትባላለች፣ ኃይሉ የሚመጣው በሷ ነው፤ ሰማያዊዋ ኑል ናት፣ የሚመለሰው በሷ ነው። ዝንጉርጉሯ የምድር መስመር ናት። በደህና ቀን ሥራ የላትም፤ ቆማ ትጠብቃለች። ዕቃው ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቶ ከረንት ከብረቱ ጋር የተነካካ ቀን ግን ተቀብላ ወደ መሬት ታወርደዋለች፤ ብሬከሩም ወዲያው ይወድቃል። ሰው ሳይነካው በፊት።

ዘነበወርቅ ነገሩ አላማራትም። «ታዲያ ጋሽ ጣሰው ሞኝ ነበሩ?»

ሙንተሀ ሞኝ አላለችም። ደብረ ሲና በነዚያ ቤቶች መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት ካልነበረ ጋሽ ጣሰው ሽቦዋን ከምን ጋር ሊያስሯት ነው? እዚህ ግን ግድግዳው ውስጥ ጫፏ ተዘርግቶ ይጠብቃታል፤ የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ የሷ ነው።

«ስሚ» አለች ዘነበወርቅ፤ ጣቷን እየቀሰረች። «እሷ ስትታሰር መብራት ይጠፋል፤ እሷ ስትቆረጥ ማሽን ይሠራል። ስም ብታወጡላትም ባታወጡላትም አጥፊዋ ማን እንደሆነች ዓይን ያለው ያያል።»

ከታች የረመዳን ጥሩንባ ጮኸ፤ ሱራ እየጠበቀ ነው። ዘነበወርቅ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሙንተሀን ደረቁ ላይ እንድትቀመጥ፣ ማሽኑንም እስክትመለስ እንዳትነካ አዘዘቻት። ሙንተሀ ግን ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን በፊት በዘነበወርቅ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

«ዞር በይ።»

«ዲዋኒያ የላክሽው ኢስቲካን ቢጎድል ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን አገናኘው?»

«በሞቴ፣ ንገሪኝ።»

«ቤቱን አቆማለሁ። እስኪገኝ ማንም አይነቃነቅም።»

«ሰነፍ ስለሆንሽ ነው?»

ዘነበወርቅ ልጅቷ የደፈረቻት መስሏት አፈጠጠችባት። ሙንተሀ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሱም እንዳንቺ ነው፣ እትዬ። ሊኬጅ ብሬከር ነው ስሙ። በፌዝ የወጣውን ሁሉ በኑል ሲመለስ ይቆጥረዋል። ልክ ከመጣ ዝም ይላል። ቅንጣት ከጎደለች አንድ ቦታ ሾልካለች ማለት ነውና ቤቱን ያቆማል። የዚህ ማሽን ሆድ ውስጥ የሚሾልክ አለ። ፊት በሽቦዋ ይሾልክ ነበር፣ እሱም ቆጥሮ ይወድቅ ነበር። ሽቦዋ ስትቆረጥ መሄጃ አጣና ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ እጅ ጠበቀ። ዛሬ የጎደለችው ኢስቲካን በኔ ውስጥ ነው ያለፈችው።»

ረመዳን ደግሞ ጥሩንባውን ነፋ። ዘነበወርቅ አልሰማችውም። ዓይኗ በልጅቷ ትከሻ ላይ አልፎ ሳጥኑ ላይ አረፈ፤ ቁልቁል የወረደችው እጀታ አሁንም እንደወረደች ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ሰነፍ ስትለው፣ በቡጢ ስትመታው፣ ሽቅብ እየገፋች ስትራገመው የነበረ ነገር በዚህ ቤት እንደሷ የሚቆጥር ብቸኛ ባልደረባዋ ኖሯል። እሷ ቆጥራ ጎደለ ስትል ማንም ዝም በይ አይላትም። እሱን ግን አፉን ያስያዘችው እሷ ናት። ይህም ሆኖ፣ አፉ ተይዞም፣ ልጅቷን ያስለቀቃት እሱ ነው።

ነገሩ ከገባት በኋላ የቀረው ስሟ ነበር። ሙሃንዲሳ። ሽቦዋን ቀስ ብላ ቀጥላ፣ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተበላሸ ብትል ማንም አያውቅም፤ ሙንተሀ አትናገርም። ሱራንም አሞኛል ብላ መቅረት ትችላለች። ግን እዚያ ሱራ፣ ያ ማሽን አጠገብ የምትቆም ሌላ ሴት አለች፤ እርጥብ እጅ ያላት። የሱራዋ እመቤት ደግሞ ሙሃንዲሳ እንዴት እንዳደረገች ሰምታ በሌላ ሰው እጅ ታስቆርጣት ይሆናል።

በሰገነቱ ግንብ ላይ ተደግፋ ረመዳንን ወደ ታች ጠራችው። እንደማትሄድ፣ ሱራ ደውሎ ማሽኑን ማንም እንዳይሰካ፣ ማንም እንዳይነካ እንዲናገር አዘዘችው። ረመዳን ሙሃንዲሳ ዛሬ ዕረፍት ወጣች እንዴ ብሎ ሊቀልድ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ስልኩን አወጣ።

የእንግዳ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅላ ፈታችው። ናስትሮውን በጥፍሯ ላጠች። የተቀነጠሰችው ሽቦ አጥራ ነበርና የሌሎቹንም ጫፍ አሳጥራ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ የመዳቡን ክሮች እንደ ሹሩባ ጎንጉና፣ ዝንጉርጉሯን ከረጅሙ ጥርስ ሥር አስገብታ ብሎኑን አጠበቀች። ሳብ አድርጋ ሞከረቻት፤ ንቅንቅ አላለችም። እጇ እንዲህ ሲሠራ ላየው ሰው የደብረ ሲና ነፋስ የሚያውቀው እጅ ነው፤ ያጠበቀው ነገር አይላላም።

ሰካችው፤ እጀታዋን ሽቅብ አደረገች። ኤሲው አጓራ። ሙንተሀን ከበሩ ውጭ አቁማ የማሽኑን ማብሪያ ብቻ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ነካችው። ውሃ ሳበ። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ማሞቅ ሲጀምር «ጧ»።

«ጎሽ» አለች ዘነበወርቅ፤ ለብሬከሩ።

ማዳም ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። እህቷ ደውላላታለች፤ ኤሲው ጠፍቷል፤ ሙሃንዲሳ ደግሞ በእንግዳ ልብሷ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ዘነበወርቅ ማሽኑ ሆዱን እንደታመመና ከህረባኢ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እንደሚያስፈልግ ነገረቻት።

«አንቺ እያለሽ?» አለች ማዳም።

«እኔ እያለሁ።»

የመጣው ከህረባኢ ወፍራም ግብፃዊ ነበር፤ ገና ከደረጃው ጀምሮ የሚቀልድ፣ ሻይ ሳይቀርብለት ስለ ሻይ የሚያወራ። ማሽኑን አዙሮ ጀርባውን ከፈተና ውሃ ማሞቂያውን አውጥቶ አሳየ፤ ጥምዝምዙ ብረት ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶታል። መቀየር ነው አለ፤ ከቦርሳው አዲስ አውጥቶም ቀየረው። ሥራውን ሊዘጋ ሲል ልማድ ሆኖበት ስፒናውን ፈታ። ቀልዱ እዚያ ላይ ቆመ። የሦስቱን ሽቦዎች አዲስ ጫፍ፣ ዝንጉርጉሯ ላይ የቀረውን የናስትሮ ሙጫ አገላብጦ አየ።

«ይህችን ቆርጠው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ቀጠሏት» አለ ለማዳም። «የቆረጣት እጁ ይቆረጥ። ሰው ሊገድል ነበር። የቀጠላት ግን እጁ ይባረክ፣ እኔም እንዲህ አላጠብቃትም።»

ማዳም ፊቷ ተለዋወጠ። የቆረጡት ማሽኑን ያመጡት የሱቁ ሰዎች ናቸው፣ የቀጠለችው ሙሃንዲሳ ናት አለችና፣ ልትሰድባቸው ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሙንተሀ ወለሉን አየች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለዘነበወርቅ ግን ያን ዕለት ደጃዝማችነቷ የሚተርፈው ባለመናገር ነበር። ስልኩ ይጠራል። ገና አልተነሣም።

ዘነበወርቅ ቀኝ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ግብፃዊው ፊት ዘረጋችው።

«ይኸው» አለች፤ ሁሉም እንዲገባው ዓረብኛዋን ቀስ አድርጋ። «የቆረጠው ይህ ነው። የቀጠለውም ይህ ነው። ከየትኛው ትጀምራለህ?»

ግብፃዊው ሊስቅ አፉን ከፈተና ሳቁ እዚያው ቀረበት።

ማዳም ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ዘነበወርቅ አንገቷን አልደፋችም፤ እጇንም አልሰበሰበችም። በሌላኛው እጇ ስፒናውን ከግብፃዊው ተቀብላ፣ ልክ ለማዳም አዲስ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ስታሳያት እንደምታደርገው፣ አንድ በአንድ አሳየቻት።

«ይህች ፌዝ ናት፤ ትመጣለች። ይህች ኑል ናት፤ ትመልሳለች። ይህች የምድር ናት፤ የሰው ጠባቂ ናት። ስሟን አላውቅም ነበር፣ ትርፍ መስላኝ ቆረጥኳት። ዛሬ ሙንተሀን ነዘራት። ስሟን ያስተማረችኝም ሙንተሀ ናት። ሱራ ያለችውም ሽቦ እንዳትነካ ተናግሬያለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው በማዳም መዳፍ ውስጥ ያለው ስልክ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው አንሥቶ ሄሎ፣ ሄሎ ይላል። ማዳም የተዘረጋውን እጅ አየችው። ሙንተሀን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ክርኗ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየች። እንደገና ወደ እጁ ተመለሰች። ሄሎ ለሚለው ሰው በስህተት ነው የደወልኩት ብላ ዘጋችና፣ ዞራ ደረጃውን ወርዳ ሄደች።